ያውቁ ኖሯል? የተባዛ ዲስክ መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም

በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት፣ ከደማምና ከኾባር አጠገብ በምትገኘው በዳህራን ዋና መሥሪያ ቤቱን ያደረገው የነዳጅ ኩባንያ አራምኮ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2004 ዓ.ም. «ሻሙን» በተባለ ቫይረስ ተጠቅቶ 30,000 ያህል ኮምፒውተሮቹ እንደተጎዱ፣ ነዳጅ የማምረቱ ሥራ ግን በተነጠለ መረብ ይመራ ስለነበር እንዳልተቋረጠ ያውቁ ኖሯል?

▪ ሻሙን በፋይሎች ላይ የምስል ቁራጭ እየጻፈ ይደመስሳቸው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያነበውንም የዲስክ ክፍል ያበላሽ ነበር።

▪ ሬይድ፣ ማለትም በርካታ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ የሚያሠራው ዘዴ፣ በዚህ ስም የታወቀው የበርክሌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረቡት ጥናት ሲሆን፣ ሥራው በልዩ መቆጣጠሪያ ካርድ ሳይሆን በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲከናወን ሶፍትዌር ሬይድ ይባላል።

▪ ሬይድ 1 አንዱን መረጃ በሁለት ዲስኮች ላይ እኩል ይጽፋል፤ ሬይድ 5 የአንድ፣ ሬይድ 6 ደግሞ የሁለት ዲስኮችን ብልሽት ተቋቁሞ መረጃውን ያተርፋል፤ የተበላሸው ዲስክ በአዲስ ሲተካም ይዘቱ ከቀሩት ዲስኮች ተሰልቶ እንደገና ይጻፋል።

▪ ይሁን እንጂ ሬይድ ጠቃሚውን ጽሑፍ ከአጥፊው ስለማይለይ፣ እንደ ሻሙን ካለ ቫይረስ የመደምሰስ ትእዛዝ ሲደርሰው በሁሉም ዲስኮች ላይ እኩል ይፈጽመዋል።

ስለዚህ ዲስክ ከመለወጥም ሆነ የሬይዱን ሶፍትዌር ከማዘመን በፊት፣ ከመረቡ ተነጥሎ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ ግድ ነው።