ስለ ግጦሽ መሬት ቃጠሎ ከቦረና አርብቶ አደሮች ጋር መነጋገር

በቦረና «እሳት ክልክል ነው» የሚለው ቃል ለብዙ ዓመታት የልማት ሠራተኛው ትምህርት ሆኖ ቆይቷል። ክልከላው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ከመጣ ወዲህ ግን እሾሃማው ቁጥቋጦ ሣሩን እየዋጠ፣ የከብቱ መሰማሪያ እየጠበበ ሄዷል። ለዚህ ልቅ ግጦሽም ድርሻ አለው። ሆኖም ሽማግሌዎቹ ስለ እሳት የሚያነሡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቃጠሎ መዥገር ይቀንሳል፣ ለጋ ቁጥቋጦ ይገታል፣ ያረጀ ሣር አስወግዶ ለምለሙን ያወጣል።

በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች ላይ የደረሰውን ሰደድ እሳት ያየ ሰው እሳት ቢፈራ አንፈርድበትም። ነገር ግን ተደብቆ የሚለኮስ እሳት ጠባቂ የለውም፤ ለኳሹ ቅጣት ፈርቶ ይሸሻል። በእኛ አስተያየት የበለጠው አደጋ ይህ ነው።

ስለዚህ ማኅበሩ አስቀድሞ ከሽማግሌዎችና ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ይስማማ። የሚቃጠለው ቦታ ከግጦሽ ተከልሎ ይቆይ፤ ሣሩ የተጋጠ መሬት እሳት አይዝም፣ ቁጥቋጦውም አይነካም። ዙሪያው ተመንጥሮ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ይለኮስ። በጥድ ደን አጠገብ ፈጽሞ አይሞከር። ዝናቡ ባጠራጠረ ዓመት ደግሞ ያለው ሣር ለከብቱ ይቅር።