በ10 ዶላር የተሸጠው የፈረሰኛ ጠመንጃ

እ.ኤ.አ. በ1865 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ ለሚሰናበተው ወታደር አንድ ዕድል ተሰጠው፤ መሣሪያውን ከደመወዙ አስቆርጦ ወደ ቤቱ እንዲወስድ። የእግረኛው ጠመንጃ 6 ዶላር፣ ጎራዴ 3 ዶላር፣ ፈረሰኛው የሚይዘው አጭር ስፔንሰር ደግሞ 10 ዶላር ተተመነ። መንግሥት ስፔንሰሩን የገዛው በአማካይ በ25 ዶላር ገደማ ነበር። ዛሬ ያው ጠመንጃ በደህና ይዞታ ላይ ከተገኘ በሐራጅ በሺዎች ዶላር ይሸጣል።

ስፔንሰር ለዘመኑ ድንቅ ነገር ነበር። ሰባት ጥይት ሰደፉ ውስጥ በተሰካ ቱቦ ይጎርሳል። ከቃታው ሥር ያለውን ማንሻ ወደ ታች ሳብ ሲያደርጉት ያለቀው ቀለህ ይወጣል፣ ሲመልሱት አዲሱ ይገባል። መንግሥት ከ90,000 በላይ ገዛ። ሰላም ሲወርድ ግን ፋብሪካውን የገዛ ምርቱ ተፎካከረው። ጠመንጃ እንደ ዳቦ ተበልቶ አያልቅም፤ በደንብ የተሠራው ትውልድ ይሻገራል። ያገለገለው በ10 ዶላር በየቤቱ ገብቶ ሳለ አዲሱን በሙሉ ዋጋ የሚገዛ ጠፋ። በ1869 የኩባንያው ንብረት ተፎካካሪው ዊንቸስተር እጅ ገባ። ዕድሜው ረጅም የሆነ ዕቃ የሚያመርት ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያውቀው እመኛለሁ።

እንግዲህ 90,000 የተመረተ ዕቃ ብርቅ ሊባል አይችልም። ዋጋውን የሚወስነው ሌላ ነገር ነው። ሰብሳቢው ጠመንጃውን ሲያነሳ መጀመሪያ በግራ በኩል ያለውን የብረት ዘንግና ቀለበት ይመለከታል፤ ፈረሰኛው ከትከሻው በወረደ ጠፍር መሣሪያውን የሚያንጠለጥለው በዚያ ነበር። ቀጥሎ እንጨቱን ወደ ብርሃን ዘንበል ያደርጋል። በሞላላ ክፈፍ ውስጥ የታተሙትን የመንግሥት መርማሪ የስም ፊደላት እየፈለገ ነው። ፊደላቱ ጥርት ብለው ከታዩ እንጨቱ አልተነካም ማለት ነው። አንድ የቤቱ ልጅ ግን አያቱን ያከበረ መስሎት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ቫርኒሽ ቀብቶት ከሆነ ማኅተሙ ጠፍቷል፤ የዋጋውም ትልቁ ክፍል አብሮት ሄዷል። በተቃራኒው፣ የመለያ ቁጥሩ መሣሪያው የነበረበትን ክፍለ ጦር ከሚያሳይ የዘመኑ መዝገብ ጋር ከተገናኘ ዋጋው ይንራል። የሚገዛው ማስረጃው ነው፤ አጭበርባሪውም አጥብቆ የሚሠራው ማኅተምና ቁጥር በመፈልሰፍ ላይ ነው።

ሕግም በዋጋው ላይ እጁ አለበት። በ1968 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እስከ 1898 መጨረሻ የተሠራን ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጥራል፤ በ1899 የተሠራው መንትያው የጦር መሣሪያ ነው። የአንድ ዓመት ልዩነት የገዢውን ብዛት ይለውጣል። ብሪታንያ በ2021 ሰባት የጥይት ዓይነቶችን ከጥንታዊ መሣሪያዎች ዝርዝሯ ስትሰርዝ፣ በእነዚያ የሚሠሩ ሽጉጦች ባለቤቶች ያለ ፈቃድ ይዘውት የኖሩት ንብረት በአንድ ደንብ ፈቃድ የሚጠይቅ ሆነባቸው። ወለድ የማይከፍል፣ የትርፍ ድርሻ የማይሰጥ፣ ሲሸጥ ለአጫራች የሚቆረጥበት ሀብት ላይ ይህ ሥጋት ሲጨመር፣ ለጡረታዬ ብሎ የሚገዛውን ሰው ተው እለዋለሁ። ታሪኩን ወዶ የሚገዛ ግን አይከስርም።

የተራፊ መሣሪያ ገበያ እኛ ዘንድም ደርሷል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ለበን ጠመንጃ ስትሸጋገር ግራ የተባለው የ1874ቱ ጠመንጃዋ ተረፈ፤ በቀይ ባሕር ጠረፍ በኩል ብዙው ወደዚህ ገባና ስሙም ውጅግራ ሆነ። ስናድርና ምንሽርም በየቤቱ ሲወራረሱ ኖረዋል። እነዚህን የያዘ ቤተሰብ በመጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለበትን ግዴታ ይጠይቅ፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ከዚያ በኋላ እባካችሁ ሰደፉን አትፈግፍጉት፣ ብረቱንም አታብለጭልጩት። ማን እንደያዘው፣ የት እንደዘመተበት፣ ከማን ለማን እንደተላለፈ የሚያውቁት አዛውንት በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ቀንና ስም አትርሱ።