በአውራ ዶሮ ሆድ ላይ የተጻፈው ፊደል፦ ስልካችሁ ላይ ያሉት የላቲን ፊደላት በማን በኩል መጡ?

ኒውዮርክ በሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ አንድ ጥቁር የሸክላ አውራ ዶሮ አለ። ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በእጃችሁ ከያዛችሁት ስልክ ያንሳል። ጭንቅላቱ ክዳን ስለሆነ ይነሳል። ሆዱ ላይ ደግሞ 26 ፊደላት ተቀርጸዋል። የባለቤቱ ስም ወይም ጸሎት እንዳይመስላችሁ፤ ልክ እኛ ሀ ሁ ሂ እንደምንለው በተራ የተደረደረ ፊደል ነው። ዕቃው የቀለም ማስቀመጫ ሳይሆን አይቀርም የሚባለውም ለዚህ ነው።

የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ650 እስከ 600 ባለው ጊዜ ነው። የሠሩት ሰዎች ኤትሩስካውያን ይባላሉ። ሮም ገና ትንሽ ከተማ ሳለች በመካከለኛው ጣሊያን ሀብታምና ኃያል የነበሩት እነሱ ናቸው። "ቶስካና" የሚለው የዛሬው የጣሊያን ክልል ስም እንኳን ከእነሱ የመጣ ነው።

ታዲያ ይህን ትንሽ ዕቃ ለምን መረጥነው? መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ሆኖ ሳለ የብዙ ሕዝብ አሻራ ስላለበት ነው። አንድ በአንድ እንየው።

ሸክላው የራሳቸው ነው። ይህ ጥቁር ሸክላ ቡኬሮ ይባላል፤ የኤትሩስካውያን መለያ ነው። የጠቆረው ቀለም ተቀብቶ አይደለም። ሸክላው ሲተኮስ አየር እንዳይገባ ምድጃው ይታፈናል፤ ኦክስጅን ሲያጥር ጭቃው ውስጥ ያለው ብረት ቀይ መሆኑ ይቀርና ይጠቁራል። ከመተኮሱ በፊት በደንብ ስለሚወለወል ሲያዩት የብረት ዕቃ ይመስላል።

ዶሮው እንግዳ ነው። የዶሮ መነሻ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ሰው ከአገር አገር ይዞት ጣሊያን የደረሰው ብዙ ቆይቶ ነው። ያኔ አውራ ዶሮ ለእነሱ እንደ ዛሬው የሰፈር ዶሮ ተራ ነገር አልነበረም።

ፊደሉ ደግሞ ውሰት ነው። ግሪካውያን ፊደላቸውን ያገኙት ከፊንቄ ነጋዴዎች ነው። የፊንቄ ፊደላት 22 ነበሩ፤ ግሪኮቹ አንዳንዶቹን አናባቢ አደረጓቸው፣ አዳዲስም ጨመሩ። ከዚያ ግሪኮች ዛሬ ኔፕልስ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ባለችው ኢስኪያ ደሴት ሰፈሩ። ኤትሩስካውያን መሬታቸው ብረትና መዳብ ሞልቶበት ነበርና ንግዱ ደራ፤ ከዕቃው ጋር ፊደሉም ተሻገረ።

የሚገርመው ነገር እዚህ ጋ ነው። አበገደ ብላችሁ ቁጠሩ፤ ሦስተኛዋ "ገ" ናት። በግሪክኛም ሦስተኛው ፊደል ጋማ ነው። በላቲኑ ግን ሦስተኛው "ሲ" ነው። ለምን? ኤትሩስካውያን "ገ" እና "ከ"ን ለይተው ስለማይናገሩ ያንን ፊደል እንደ "ከ" አነበቡት። ሮማውያንም ከነሱ ሲቀበሉ እንዳለ ወሰዱት። ኋላ ላይ "ገ" ሲያስፈልጋቸው "ሲ" ላይ ትንሽ ጭረት ጨምረው "ጂ"ን ፈጠሩ። ያ የአነባበብ ልዩነት እስከ ዛሬ ኪቦርዳችሁ ላይ አለ ማለት ነው።

የኛ ፊደልም ሩቅ ዘመድ ነው። የግዕዝ ፊደል በደቡብ ዓረቢያ በኩል የመጣ ሌላኛው ቅርንጫፍ ሲሆን የሁለቱም ግንድ አንድ ነው። "ዐ"ን ተመልከቷት፤ ስሟ ዐይን ነው፣ ቅርጿም ክብ። የፊንቄዎቹም ዐይን ክብ ነበረች፤ በግሪኮች በኩል አልፋ የላቲኑ "ኦ" ሆነች። ኤትሩስካውያን "ኦ" የሚል ድምፅ በቋንቋቸው አልነበረም፤ ግን ዶሮው ላይ ሳይዘሉ ጽፈዋታል።

አሁን ወደ አሳዛኙ ክፍል እንምጣ። እነዚህን ፊደላት ዛሬ ማንበብ ይቻላል፤ ቋንቋው ግን በአብዛኛው አይገባም። ከጎረቤቶቹ ከላቲንና ከግሪክኛ ጋር አይዛመድም። የተገኙት ጽሑፎች በሺዎች ቢቆጠሩም አብዛኞቹ አጫጭር የመቃብር ጽሑፎች ናቸው። ረጅሙ ጽሑፍ የተረፈው ግብፅ ውስጥ የአንዲት ሴት አስከሬን በተጠቀለለበት ጨርቅ ላይ ነው፤ አሁን ክሮኤሺያ፣ ዛግሬብ ይገኛል። የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ክላውዲዮስ የኤትሩስካውያንን ታሪክ በ20 መጻሕፍት ጽፎ ነበር፤ አንዱም አልተረፈም።

ብዙ ጊዜ "ከሌላ መቅዳት ማንነት ያጠፋል" ሲባል እንሰማለን። ይህ ዶሮ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ኤትሩስካውያን ፊደል ሲዋሱ አልጠፉም፤ በተዋሱት ፊደል የራሳቸውን ቋንቋ ጻፉበት፣ እንግዳውን ዶሮም በራሳቸው ጥቁር ሸክላ ሠሩት። ቋንቋቸው የሞተው ከመቶዎች ዓመታት በኋላ፣ በሮም ግዛት ሥር ልጆቻቸው ላቲን ብቻ እየተናገሩ ሲያድጉ ነው።

እና ቤተሰቦች፣ ቀጣይ ጊዜ "ሰላም ነው?" የሚለውን በላቲን ፊደል ስትጽፉ ፊደሉ በዚያ ዶሮ ሠሪዎች እጅ ያለፈ መሆኑን አስታውሱ። እነሱ ራሳቸው "ሰላም" ለማለት ምን ይሉ እንደነበር ግን የሚነግረን ሰው የለም።