ጥያቄ ይዞ መሄድ፦ የምርጫ ቅስቀሳ ስብሰባ ለተራው መራጭ

ሞንታርቦ የጫነች አይሱዙ በሰፈር ስታልፍ «ደግሞ መጡ!» ብሎ መስኮት የሚዘጋው ሰው ብዙ ነው። እኔ ቀኑንና አዳራሹን ለመጻፍ እስክሪብቶ ከሚፈልጉት ጥቂቶች ወገን ነኝ። የምርጫ ቅስቀሳ ስብሰባ ያለ ጥፋቱ የተናቀ ነገር ነው። በሌላው ጊዜ ቢሮ ድረስ ብንሄድ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የምንባልለት ሰው፣ በአምስት ዓመት አንዴ ከረባቱን አስሮ እኛ ሰፈር ድረስ የሚመጣው ለዚህ ስብሰባ ነው።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ሕዝባዊ ስብሰባ ከሆነ የአባልነት መታወቂያ የሚጠይቅ የለም፤ በር ላይ ተፈትሾ መግባት ነው። በ1983 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ፖለቲካዊ ስብሰባ የሚጠራ ወገን ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ይህ የአዘጋጁ ጣጣ ነው። የተሰብሳቢው ድርሻ ቀደም ብሎ ደርሶ ወንበር መያዝ ነው።

ብዙ ሰው የሚቀረው ግን በወንበር እጦት አይደለም። «ከሄድኩ ደጋፊያቸው እባላለሁ» ብሎ ነው። ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ ይባል በነበረበት ዘመን ሰው ሰልፍ የሚወጣው ቀበሌ እየጠራው ነበር፤ ያንን ያየ ሰው መገኘትን ከታማኝነት ለይቶ ማየት ቢቸግረው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በራሳችን አገር ይህን ግምት ያፈረሰ ቅዳሜና እሁድ አለ። ሚያዝያ 29 ቀን 1997 ዓ.ም. በወቅቱ ገዥ ፓርቲ የነበረው ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን በሰው ሞላው። በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ተቃዋሚው ቅንጅት በተራው ያንኑ አደባባይ ሞላው። ግንቦት 7 ድምፅ ተሰጠ፤ ከአዲስ አበባ 23 የፓርላማ መቀመጫዎች ኢሕአዴግ አንዱንም አላገኘም። የቅዳሜው ሕዝብ የት ገባ? የትም አልገባም፤ ድምፅ መስጫው ክፍል ውስጥ ብቻውን ሲሆን የፈለገውን አደረገ። ቅዳሜ የኢሕአዴግ ንብ የታተመበት ካኒቴራ ለብሶ፣ እሁድ የቅንጅትን ሁለት ጣት ስላወጣ ሰው በከተማው ብዙ ተወርቷል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሐዘን ሌላ ታሪክ ነው፤ እዚህ አላነሣውም። የሰልፍ ፎቶ እያሳየ «አሸንፈናል» የሚል ሰው ግን፣ የየትኛውም ወገን ቢሆን፣ ያን ቅዳሜ ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

ለነገሩ እኔ ለአደባባይ ብዙም ፍቅር የለኝም። አደባባይ ላይ መራጩ ሥራው ማጨብጨብ ብቻ ነው። የምወደው የወረዳ አዳራሽ ነው፤ የፕላስቲክ ወንበር የተደረደረበት፣ ማይክሮፎኑ የሚጮህበት፣ እናቶችና ሽማግሌዎች ከፊት የሚቀመጡበት። ከዚያም ውስጥ የምወደው የመጨረሻውን ክፍል፣ ጥያቄና አስተያየቱን ነው።

ይህ ክፍል የራሱ ጥበብ አለው፤ ጥበቡን አሳምረው የሚያውቁት ደግሞ መድረክ ላይ ያሉት ናቸው። መድረክ መሪው «በመጀመሪያው ዙር አምስት ሰው» ይላል። አምስቱ በየተራ ይናገራሉ፤ እጩው አንገቱን ደፍቶ ማስታወሻ ይይዛል። ከዚያ «ጥያቄዎቹ ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ስለሆኑ በጋራ ልመልሳቸው» ይላል። ጥያቄ የሚጠፋው እዚህች ላይ ነው። ስለ ቧንቧ ውሃ የጠየቀችው እናት፣ ስለ ኮንዶሚኒየም ዕጣ የጠየቀው ጎልማሳ፣ ስለ ሥራ የጠየቀው ተመራቂ ተጨፍልቀው «ችግሩ እንዳለ እናውቃለን፣ ከሕዝባችን ጋር ሆነን ደረጃ በደረጃ እንፈታዋለን» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ሆነው ይወጣሉ። ጭብጨባ፣ ሁለተኛ ዙር፣ ከዚያ «በሰዓት እጥረት ምክንያት» ወደ ቤት።

እጩውን ብቻ አልወቅስም። ማይክሮፎን ስንይዝ የምናደርገውን እናውቃለን። መድረኩን ላዘጋጁት ምስጋና፣ ለተሰብሳቢው ሰላምታ፣ «እኔ እንኳን ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» የሚል መግቢያ፣ ከዚያ ከአድዋ የሚጀምር ታሪክ። ሌላው ደግሞ ሰባት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ያወርዳል። ወንድሜ፣ ሰባት የጠየቅኸው ሰው የሚመልስልህ ከሰባቱ ቀላሉን ነው፤ ምርጫውን አንተው ሰጥተኸዋል።

በአንድ አዳራሽ ያየኋቸው አንዲት እናት ግን ሁላችንንም አስተምረውናል። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና «ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣልን። ብትመረጡ ስንት ቀን ታደርጉታላችሁ?» ብለው ዝም አሉ። እጩው ስለ በጀት፣ ስለ ግድብ፣ ስለ ሕዝብ ብዛት አስረዳ። እሳቸው አልተቀመጡም። «ልጄ፣ ስንት ቀን?» አዳራሹ ሳቀ። እንደገና ማብራራት ሲጀምር ሦስተኛ ጠየቁት፤ በመጨረሻ «እማማ፣ አሁን ቁጥር መስጠት አልችልም» አለ። ይህችው ናት መልሷ፤ ከሁለት ሰዓት ንግግር ውስጥ ለመራጩ የምትጠቅመዋ እሷ ናት። ከኋላ የነበረ ወጣት ደግሞ ማይክሮፎኑ ሲደርሰው የራሱን ጥያቄ ትቶ ተራውን ለእሳቸው አዋለው፤ «እኔ የምጠይቀው የእማማን ነው፤ ቁጥሩን መቼ ነው የምታውቁት?» አለ። ጎረቤታሞች አስቀድመው ተነጋግረው አንድን ጥያቄ በሦስት ሰው አፍ ቢያስጠይቁ በጋራ የሚመልስ እጩ መሸሻ የለውም።

ማን እንደሚጠየቅም መታወቅ አለበት። ብዙው ሰው የሚሄደው ሊቀ መንበሩን ለማየት ነው። የእኛ ምርጫ ግን በምርጫ ክልል ነው፤ በምርጫ ክልሉ ከተወዳደሩት ብዙ ድምፅ ያገኘው ያልፋል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ስለዚህ በቴሌቪዥን ያዩት ታዋቂ ሰው የእርስዎ ወረቀት ላይ ላይኖር ይችላል። የምርጫ ክልልዎን ይወቁ፤ እዚያ የሚወዳደረው ማን እንደሆነ፣ ለየትኛው ምክር ቤት እንደሚወዳደርም ይጠይቁ። የሰፈር ውሃና የውስጥ ለውስጥ መንገድ የከተማው ወይም የክልሉ ምክር ቤት ጉዳይ ሆኖ ሳለ የፓርላማ እጩን ሲያፋጥጡ መዋል ድካም ነው።

በስብሰባው የሚታደለውን ካኒቴራ ይውሰዱ፣ ጥጡ ደህና ከሆነ ለቤት ይሆናል። ከአንድ ፓርቲ ስብሰባ ወጥተው በሌላ ቀን ወደ ተቃራኒው ይሂዱና ያንኑ ጥያቄ ቃሉን ሳይቀይሩ ይጠይቁ። ደግሞ አይዘግዩ፤ በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ድምፅ መስጫው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ቅስቀሳ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ አዳራሹም ይዘጋል።