ቦታውን የለቀቀው ሲሊኮንና ዳግመኛው ቀዶ ሕክምና



ዐስርን ፒያሳ ኑር መስጊድ ሰግደን ስንወጣ አንዲት እኅት ጠበቀችኝ። ዕድሜዋ አርባ ገደማ ነው፤ የሦስት ልጆች እናት ናት። ወሬያችን ስለ ልጆች ትምህርት ጀመረ። ጥቂት እንደ ተራመድን ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሱጁድ ስወርድ ደረቴ ውስጥ ያለው ነገር ይወጋኛል» አለችኝ።

ከዓመታት በፊት በካንሰር ምክንያት ግራ ጡቷ ተነሥቷል፤ ጨረርም ወስዳለች። በኋላ ዐረብ አገር የሚኖር ወንድሟ ወስዷት በተነሣው ቦታ ሲሊኮን ተደረገላት። አሁን ያ ሲሊኮን ጠንክሮ ወደ ላይ ወጥቷል። ባለቤቷ «እንደ ምንም ገንዘብ እንፈልግና ይስተካከል» ይላል። አማቷ ደግሞ «የአላህን ሥራ መለወጥ ይሆንብሻል፤ የመጀመሪያው ያልበጀ ሁለተኛው ምን ሊበጅ?» ይሏታል። እርሷ በሁለቱ መካከል ተይዛለች። ስሟን ሳላነሣ ጉዳዩን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች።

ሲሊኮን በጡት ውስጥ ማስቀመጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴቶች አድርገውታል፤ ይሁን እንጂ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ዕቃ አይደለም። ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባበት በዙሪያው ስስ የጠባሳ ከረጢት ይሠራል። ይህ የተፈጥሮ ሥራ ነው። ከረጢቱ ሲሰፋ ሲሊኮኑ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሲጠነክርና ሲኮማተር ደግሞ ሲሊኮኑን ጨምቆ ወደ ላይ ይገፋዋል። ጨረር የወሰደ ቆዳ መለጠጥ ስለሚያቅተው ይህ ሁለተኛው ችግር በካንሰር ታማሚዎች ላይ ይበረታል። የእኅታችንም ይኸው ይመስላል፤ አረጋግጦ የሚናገረው ግን የመረመራት ሐኪም ብቻ ነው። «ልጅ ስላዘልሁ ነው» እያለች ራሷን ስትወቅስ ኖራለች፤ ወቀሳው አይገባትም።

የአማቷንም ስጋት አንናቅ። ለውበት ሲሉ የአላህን አፈጣጠር የሚለውጡ ሴቶች በሐዲሥ ተወግዘዋል፤ እናታችን ይህን ሰምተው ነው የፈሩት። ዳሩ ግን ውግዘቱ የመጣው ጤነኛውን አካል ለጌጥ ብሎ በመለወጥ ላይ ነው። ፒያሳ በወርቅ ቤቶቿ ስሟ የገነነ ሰፈር ናትና ስለ ወርቅ አንድ ታሪክ ላንሣ። ዐርፈጃህ ኢብን አስዓድ የተባሉት ሶሐባ ከእስልምና በፊት በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸውን አጥተው ነበር። በምትኩ ከብር የተሠራ አፍንጫ አደረጉ፤ ብሩም ተበላሽቶ ሸተተባቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በወርቅ እንዲተኩት አዘዟቸው። ሐዲሡን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ወርቅ ለወንድ ክልክል መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። እኔን ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ግን የመጀመሪያው መተኪያ መበላሸቱ ለሁለተኛው መከልከያ አለመሆኑ ነው።

የዘመናችን ዑለማእም በጉዳዩ መክረዋል። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 በማሌዢያ ፑትራጃያ ባደረገው ስብሰባ በበሽታ፣ በቃጠሎ ወይም በአደጋ የመጣን ጉድለት ማቃናት የተፈቀደ መሆኑን ወስኗል። የተነሣ ጡትን መልሶ መሥራትም በውሳኔው በስሙ ተጠቅሷል። ለጌጥ ብቻ የሚደረገውን ግን አልፈቀደም። ጡቷን ለማስተለቅ ብላ ሲሊኮን ያስገባች እኅትስ ዛሬ ቢያማት? የሚያማትን ማከም ሕክምና ነው። «የራስሽ ሥራ ነው» ብለን ከደጅ የምንመልሳት ከሆነ ግን እኛም የምንጠየቅበት ይመስለኛል። ስለ ራሷ ጉዳይ ዝርዝሩን ከምታምናቸው ዐሊም ትጠይቅ።

የሕክምናው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። የሰፋ ከረጢት በስፌት ይጠባል፤ የጠነከረው ተቆርጦ ወጥቶ ሲሊኮኑ በሌላ ይለወጣል። ጨረር በወሰደ ደረት ላይ አዲሱም ዳግም ሊጠነክር ስለሚችል፣ ከጀርባ ወይም ከሆድ የራስን ሥጋ ወስዶ ጡት መሥራትም አለ። ይህኛው ቀዶ ሕክምና ረዥምና ከባድ ነው፤ ባዕድ ነገር ግን ላያስፈልገው ይችላል። ሲሊኮኑን አስወጥቶ መተው፣ ሲፈለግም ከውጭ በጡት መያዣ ውስጥ ምትክ ማድረግም ይቻላል። ብዙዎች ይህን የመሸነፍ ምልክት ያደርጉታል፤ እኔ አይመስለኝም። ሕመም የሌለበትና መጠነኛ መንሸራተት ብቻ ከሆነ ደግሞ እየተከታተሉ መቆየትም ያባት ነው።

ሙስሊም ቤተሰብ በተለይ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። ሐኪሞች አንዳንዴ ሲሊኮኑን ደግፎ የሚይዝ ስስ ቆዳ መሰል ጨርቅ ይጨምራሉ። ይህ ድጋፍ ከሟች ሰው ቆዳ፣ ከከብት ወይም ከአሳማ ሊሠራ ይችላል። ሳይጠየቁ ሁሉም ላይናገሩ ይችላሉና፣ «ከምን የተሠራ ነው? ሌላ ምርጫስ አለ?» ማለት አያሳፍርም።

የሲሊኮኑም ገጽ ይጠየቅ። እንዳይንቀሳቀስ ተብሎ ገጹ ሻካራ ሆኖ የተሠራ ዓይነት አለ። ይህ ሻካራ ዓይነት በጣም ጥቂት ሴቶችን ከሚይዝ ሊምፎማ ከተባለ የካንሰር ዓይነት ጋር ተያይዞ በመገኘቱ፣ አለርጋን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ባዮሴል የተባሉ ምርቶቹን ከዓለም ገበያ ሰብስቧል። በፈረንሳይም ፒአይፒ የተባለው ፋብሪካ ለሕክምና ባልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ2010 ተደርሶበታል። ስለዚህ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የሚሰጠው ካርድ እንደ ወርቅ ደረሰኝ ይጠበቅ፤ የፋብሪካው ስምና የዕቃው ቁጥር ያለው በእርሱ ላይ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሊኮን ያላት ሴት ሕመም ባይኖርባትም ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንድትታይ ይመክራል። ከዓመታት በኋላ ድንገት ካበጠ፣ እጢ ከተዳሰሰ፣ ወይም ቀልቶ ትኩሳት ካመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።

ለምርመራው ሴት ሐኪም ብትገኝ ይመረጣል፤ ካልተገኘች ለሕክምና በሚያስፈልገው መጠን መታየትን ዑለማእ ፈቅደዋል። ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎና በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የታወቀ ነው። አገር ውስጥ ሳያማክሩ ለአውሮፕላን ቲኬት ወርቅ መሸጥ መቸኮል ነው።

እኅታችን ባለፈው ጁሙዓ ደውላልኝ ነበር። ወንድሟ ካርዱን ፈልጎ ፎቶውን ልኮላታል፤ ቀጠሮም ይዛለች። የዐርፈጃህን ታሪክ ለአማቷ ስትነግራቸው ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ አለች። ኋላም የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀጠሮው በየትኛው ቀን እንደ ሆነ፣ አብረዋት እንዲሄዱ።