ድመቲቱ ሳትመረመር አይፈረድባት

ድመትና ውሻ የቤት ባለውለታዎች ናቸው፤ አንዷ አይጥ ታሳድዳለች፥ ሌላው ደጅ ይጠብቃል። ሆኖም በልጅ ክንድ ላይ ክብ ጭርት በታየ ዕለት ውለታው ይረሳና ድመቲቱ ትባረራለች። «ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገድሉ ጎፈሬ» እንዲሉ፥ ፍርድ ምርመራን መቅደም የለበትም።

እርግጥ ነው፥ ጥርጣሬው መሠረት አለው። ማይክሮስፖረም ካኒስ የተባለው ፈንገስ፥ ስሙ የውሻ ቢሆንም፥ ይበልጡን የሚገኘው በድመት ላይ ነው፤ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ቍስል ሳይታይባት በጠጕሯ ይዛው የምትዞር ድመትም ስላለች፥ በዓይን ብቻ አይቶ «ደኅና ናት» ማለትም ችኩልነት ነው።

ፈጣኑ መመርመሪያ የዉድ መብራት ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 ዓ.ም. ለዓይን የማይታየውን ጨረር ብቻ የሚያሳልፍ መስተዋት ሠራ። በ1925 ዓ.ም. ደግሞ ማርጋሮና ዴቬዝ የተባሉ ፈረንሳውያን ፈንገስ የያዘው ጠጕር በዚህ ጨረር እንደሚያበራ አስታወቁ። ሐኪሙ ክፍሉን አጨልሞ መብራቱን ሲያበራ፥ የታመመው ጠጕር ከሥሩ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ያንኑ ነቅሎ በማይክሮስኮፕ ቢያየው ነገሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይለይለታል።

ነገር ግን መብራቱ የመጨረሻ ዳኛ አይደለም። ትራይኮፋይተን የሚባሉት ፈንገሶች በውሻና በድመት ላይ አያበሩም፤ በአንጻሩ ቅባትና ቅርፊት ሊያበሩ ይችላሉ። ስለዚህ በአዲስ የጥርስ ብሩሽ ጠጕሩን አበጥሮ የተገኘውን በላቦራቶሪ ማብቀል ያስፈልጋል፤ ይህም ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ፒ.ሲ.አር. የተባለው ምርመራ በጥቂት ቀኖች መልስ ቢሰጥም፥ የሞተውን ፈንገስ ከሕያው አይለይምና የዳነችውን ድመት በሽተኛ ሊያሰኛት ይችላል።

በአገራችን ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። በተማሪዎች ራስ ላይ የሚወጣውን ቆረቆር በብዛት የሚያመጣው ትራይኮፋይተን ቫዮሌሲየም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው፤ መንገዱም ማበጠሪያና ባርኔጣ እንጂ ድመት አይደለም። ድመቲቱን አባርሮ ማበጠሪያውን በጋራ መጠቀም ምን ይረባል?

እንግዲህ ልጁን ወደ ሐኪም፥ ድመቲቱንም ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ይገባል። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ በአንድ ክፍል ትቆይ፤ የነካትም እጁን ይታጠብ። ወደ መንገድ የተጣለች በሽተኛ ድመት ፈንገሷን ይዛ ወደ ጎረቤት ልጆች ትሄዳለች እንጂ፥ በሽታው ከሰፈሩ አይወጣም።