የብሎን ጥርስ እንዴት ይወጣል?

ብሎን የማያውቅ ሰው የለም። በወፍጮ ቤት አለ። በውሃ ፓምፕ ላይ አለ። በአውቶቡስ ጎማ ላይ አለ። ሁለት ብረት አጣብቆ የሚይዘው እሱ ነው። ጓደኛው ደግሞ ዳዶ ነው። ብሎን ያለ ዳዶ፣ ዳዶም ያለ ብሎን ሥራ የለውም።

ታዲያ አንድ ቀን የወፍጮው ብሎን ይሰበራል። ወፍጮው ይቆማል። እህል ጭነው የመጡ ሰዎች እህላቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ባለወፍጮው ስባሪውን በኪሱ ከትቶ ከተማ ይወርዳል። ባለሱቁ አየት ያደርግና «ይኸውልህ» ብሎ አንድ ብሎን ይሰጠዋል። ውፍረቱም ርዝመቱም ይመስላል። ሰውየው ተደስቶ ይመለሳል። ማታ ሊገጥመው ሲሞክር ሁለት ዙር ይገባና እንቢ ይላል። በመፍቻ ሲያስገድደው የብሎኑም የሞተሩም ጥርስ ይበላል። ቀድሞ የተሰበረው አንድ ብሎን ነበር። አሁን የተበላሸው ሞተሩ ነው።

ምን ሆነ? ሁለቱ ብሎኖች በዓይን ይመሳሰላሉ፤ ጥርሳቸው ግን አንድ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምናየው ያንን ጥርስ ነው። እንዴት እንደሚወጣ፣ እንዴትም እንደሚለካ እናያለን።

ከሰንዳፋና ከለገጣፎ በኩል አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ሲ.ኤም.ሲ የሚባለውን ሠፈር ይሰማል። ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በስተሰሜን የየካና የእንጦጦ ተራራ ይታያል። የከተማው ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አንዱ ፌርማታ በዚሁ ስም ተጠራ። ሦስቱ ፊደላት የአንድ የጣልያን የግንባታ ድርጅት ስም ናቸው። ሲፈታ «የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር» ማለት ነው። ድርጅቱ በአካባቢው ሠራ፤ ስሙም እዚያው ቀረ።

የጣልያን ነገር ከተነሳ አንድ ነገር እንጨምር። «ብሎን» የጣልያን ቃል ነው። ዳዶም፣ ሞርሳም፣ ካቻቢቴም፣ ቶርኖም እንዲሁ። እነዚህ ቃሎች ግን ከሠፈሩ ስም ይቀድማሉ። ወራሪው ጦር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ ቆይቶ ተባሮ ወጣ። ቃሉ ግን በየጋራዡ ቀረ።

ቶርኖ ብረትን እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን ነው። ቶርኖ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ትልቁን ነው። ያ በመኪና ተጭኖ፣ በክሬን ተነሥቶ የሚተከለው ነው። ዛሬ ግን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ቶርኖ አለ። ሁለት ሰው ያነሳዋል። በቤት መብራት ይሠራል። እንደ ሲ.ኤም.ሲ ባለ ሠፈር፣ ግቢ ውስጥ ያለች አንድ ክፍል ትበቃዋለች። የወፍጮ ብሎን የሚያህል ነገር በዚህ ማሽን ሊሠራ ይችላል።

አሠራሩን ለመረዳት ማሽን ማየት አያስፈልግም። አንድ ዱላና አንድ ቀጭን ገመድ ይበቃል። ዱላውን በአንድ እጃችሁ አዙሩ። በሌላው እጃችሁ ገመዱን ያዙና ወደ ጎን እየወሰዳችሁ ጠምጥሙ። እጃችሁ ቀስ ብሎ ከሄደ ጥምጥሙ ይቀራረባል። ከፈጠነ ይራራቃል። የብሎን ጥርስም ይኸው ነው። በብረት ላይ የተጠመጠመ ቦይ ነው።

በቶርኖ ላይ ዱላው ብረቱ ነው። መንጋጋ ጨብጦ ያዞረዋል። በገመዱ ፈንታ ጠንካራ ስለት አለ። ስለቱ ብረቱን እየቧጠጠ ወደ ጎን ይሄዳል። ወደ ጎን የሚወስደው የሰው እጅ አይደለም። እጅ ይንቀጠቀጣል። የሚወስደው በማሽኑ ርዝመት የተዘረጋ ጥርሳም ዘንግ ነው። እሱን መሪ ዘንግ እንበለው። ብረቱንና መሪ ዘንጉን የሚያገናኙት ማርሾች ናቸው። ጥርሱ ሰፊ ወይም ጠባብ የሚሆነው እነዚህን ማርሾች በመለዋወጥ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። እርሳስ ያላችሁ እርሳስ አንሡ። መሪ ዘንጉ አንድ ዙር ሲዞር ስለቱን 3 ሚሊሜትር ይወስደዋል እንበል። የምንፈልገው ደግሞ ኤም 12 የሚባለው ብሎን ነው። 12 ማለት የብሎኑ ውፍረት በሚሊሜትር ነው። በተለመደው ኤም 12 ላይ ከአንዱ ጥርስ እስከ ሚቀጥለው 1.75 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ በብረቱ በኩል 35 ጥርስ ያለው ማርሽ ይገባል። በመሪ ዘንጉ በኩል 60 ጥርስ ያለው ይገባል። ብረቱ 60 ጊዜ ሲዞር መሪ ዘንጉ የሚዞረው 35 ጊዜ ነው። 60 በ1.75 ሲባዛ 105 ነው። 35 በ3 ሲባዛም 105 ነው። ገጠመ! ባለሙያው በየማሽኑ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ የሚያነበው ይህንን ሒሳብ ነው። ሰሌዳውን ማንበብ የማይችል ሰው ማሽኑ ቢኖረውም አይጠቅመውም።

ስለቱ ሲሳል ጫፉ 60 ዲግሪ ይሆናል። ሦስት ጎኑ እኩል የሆነ ጉልቻ ቅርጽ አስቡ። ጥርሱ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም። ለኤም 12 የጥርሱ ጥልቀት ከ1 ሚሊሜትር ትንሽ ያልፋል። ባለሙያው በአንድ ጉዞ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ይቧጥጣል። ጫፍ ሲደርስ ስለቱን ወደ ኋላ ይስባል። ከዚያ ሞተሩን ገልብጦ ወደ መነሻው ይመልሰዋል። ዘይት ጠብ ያደርግና እንደገና ይሄዳል። ስለቱ ሁልጊዜ በዚያው ቦይ መግባት አለበት። አንድ ጊዜ ከሳተ ብሎኑ ሁለት ጥምጥም ይኖረውና ለማንም አይሆንም። ብሎኑ ያለቀ ሲመስልም ከመንጋጋው ከመውጣቱ በፊት ዳዶ ይሞከርበታል። ከወጣ በኋላ መልሶ በቦታው ማሰር ከባድ ነው።

አሁን ወደ ባለወፍጮው ችግር እንመለስ። ጥርሶች ለምን ተለያዩ? ጥንት እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ጥርስ ያወጣ ነበር። የአንዱ ዳዶ ለሌላው ብሎን አይሆንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ጆሴፍ ዊትዎርዝ የሚባል እንግሊዛዊ መላ አመጣ። ከየፋብሪካው ብሎን ሰብስቦ ለካ። ከዚያ ሁሉም የሚከተሉት አንድ ልክ ይኑር አለ። ይህ የሆነው አፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው 14 ዓመት በፊት ነው። የእንግሊዙ ልክ በኢንች ነው፤ የስለቱም ጫፍ 55 ዲግሪ ነው። አሜሪካኖች ደግሞ በኋላ በኢንች ሆኖ 60 ዲግሪ የሆነ የራሳቸውን አወጡ። ሌላው ዓለም በሚሊሜትር ሄደ። ወደ አገራችን የገቡት ሞተሮች ከሁሉም አገር ናቸው። ድሮ የመጣ የእንግሊዝ ሞተር የእንግሊዝ ጥርስ አለው። አዲሱ የሚሊሜትር ነው። የወፍጮ ቤቱ ሰው የሚቸገረው በሁለቱ መካከል ቆሞ ነው።

ትንሹ ቶርኖም እዚህ ላይ ይቸገራል። 1 ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው። የሚሊሜትር ማሽን የኢንችን ጥርስ በትክክል እንዲያወጣ 127 ጥርስ ያለው ማርሽ ይፈልጋል። 25.4 በ5 ሲባዛ 127 ነውና። ይህ ማርሽ ትልቅ ስለሆነ በብዙ ትንንሽ ማሽኖች ላይ የለም። በሌሎች ማርሾች ማቀራረብ ይቻላል። ለአጭር ብሎን ይሆናል። በረጅም ብሎን ላይ ግን ትንሿ ስህተት በየዙሩ እየተደመረች ትሄዳለች። ስለዚህ ባለሙያው «127 የለኝም» ቢላችሁ ሰነፍ ነው አትበሉት። እውነቱን ነው።

እናንተስ ብሎኑን በምን ትለዩታላችሁ? በልጆቻችሁ ማስመሪያ። ከአንድ ጥርስ ጫፍ ላይ ዜሮን አድርጉ። የሚቀጥለውን አንድ ብላችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። የመጀመሪያው ዜሮ መሆኑን እንዳትረሱ። አሥረኛው ጥርስ 17 ሚሊሜትር ተኩል ላይ ከዋለ ኤም 12 ነው። 19 ተኩል ላይ ከዋለ የአሜሪካ ግማሽ ኢንች ነው። 21 ካለፈ የእንግሊዝ ግማሽ ኢንች ነው። እየው እንግዲህ፣ በውፍረት የሚለያዩት ከ1 ሚሊሜትር ባነሰ ነው። በአሥር ጥርስ ግን ልዩነቱ ለማንም ይታያል።

የውሃ ቧንቧ የራሱ ነገር አለው። «ግማሽ ኢንች» የሚባለው ቧንቧ ከውጭ ሲለካ 21 ሚሊሜትር ያህል ነው። ግማሹ ኢንች የድሮ የውስጥ ልኩ ነው። የቧንቧን ጥርስ ከብሎን ጥርስ ጋር አታደባልቁ።

ጥንካሬንም እንናገር። በብሎን ራስ ላይ 8.8 ወይም 4.6 ተጽፎ ታያላችሁ። ቁጥሩ ሲበልጥ ብረቱ ይጠነክራል። ከፌሮ ተቆርጦ በቶርኖ የወጣ ብሎን 8.8 አይሆንም። ፋብሪካው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥርሱን የሚያወጣው ብረቱን ተጭኖ በማንከባለል ነው። ያ ከተቆረጠው ይጠነክራል። በእኛ በኩል፣ በቤት ቶርኖ የወጣ ብሎን ለወፍጮ መሸፈኛ፣ ለበር፣ ለጋሪ ሳጥን ይሁን እንላለን። ለመኪና ጎማ፣ ለመሪና ለፍሬን ግን አይታሰር። ብሩ ቢቆጠብ ነፍስ ይጠፋል።

ቶርኖ ቤት ስትገቡ ደግሞ ነጠላውንና ጋቢውን ውጭ ተዉት። የሚዞር መንጋጋ ጨርቅ ከያዘ አይለቅም፤ ሰውን አብሮ ይስባል። ሠራተኛውም ጓንት አያደርግም። የተቆረጠውን ፍቅፋቂ በእጅ አትንኩት፣ እንደ ምላጭ ነው። የመንጋጋው ቁልፍም ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት መውጣት አለበት።

ወደ ቶርኖ ቤት ስትሄዱ ስባሪውን ብቻ አትያዙ። ሁለቱንም ስባሪ፣ ዳዶውንም አምጡ። በወረቀት ላይ ውፍረቱን፣ የአሥሩን ጥርስ ልክና ከየትኛው ማሽን እንደወጣ ጻፉ። ዳዶው ከሌለ ከዚያው ሞተር ላይ ያልተሰበረ ወንድሙን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የፈታችሁበት ቀዳዳ አቧራ እንዳይገባው በጨርቅ ድፈኑት።